ቤት ለመሸጥ ደላላ ስትመርጡ

ይድረስ ቤት ለመሸጥ ለተነሳችሁ ልጆች፤

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በማሻሻጥ ያረጀሁ ደላላ ነኝ። ደላላ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያኮሳትራል። አልቀየምም፤ ፊት የሚያስኮሳትር ሥራ የሚሠራ በመካከላችን ሞልቷል። ቢሆንም ቤት ሽጦ ደላላ ያልነካው ሰው ስንት ታውቃላችሁ? ስለዚህ የቱን ልያዝ የሚለው ላይ እናውራ።

አሁን አሁን የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ወላጆቻቸውን ያጡ ወጣቶች ናቸው። እናት አባት የሠሩት ቤት ገርጂ ወይም መካኒሳ ቆሟል። አንዷ እህት ሜሪላንድ ናት፣ አንዱ ወንድም ዱባይ ነው፣ እዚህ የቀረው ልጅ ሁሉንም ይሸከማል። “ጋሼ፣ ታማኝ ደላላ ጠቁሙን” ይሉኛል። ታማኝነት ግንባር ላይ አይጻፍ ነገር! እኔ የማየው ሰውየው መጀመሪያ ስትገናኙ ምን እንደሚጠይቃችሁ ነው።

“የመጨረሻ ዋጋችሁ ስንት ነው?” ብሎ ከጀመረ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተሰናበቱት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከካርታው፣ ማለትም ከይዞታ ማረጋገጫው ይጀምራል። ካርታው በማን ስም ነው? የሞተ ሰው ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችኋል ወይ? ወራሾቹ ስንት ናችሁ፣ ሁላችሁም ተስማምታችኋል? ባንክ ይዞታል? እገዳ አለበት? ይዞታው ሊዝ ነው ወይስ ነባር፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ? ጓሮ የተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች ፈቃድ አላቸው? ተከራይ አለበት? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ እንዳይሸጥ የታገደበት አምስት ዓመት አልፏል?

ይህ ሁሉ ጥያቄ የሚያሰለች ይመስላል። ግን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር የምትሸጡት ቤቱንና ወረቀቱ ላይ ያለውን መብት ነው። ወረቀቱ ከጎደለ ገዢው ውልና ማስረጃ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይላል። የአንዱ ፊርማ ጎድሎ የተበላሸ ሽያጭ እኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም። ይህን ገዢ ከመምጣቱ በፊት የሚጠይቃችሁ ደላላ የሁለት ወር ልፋት ያድናችኋል።

ቀጥሎ ዋጋ። ሦስት ደላላ ብትጠሩ አንዱ ከሁሉ አስበልጦ ይናገራል። ልብ ያሞቃል፤ እሱም የሚፈልገው ይህንን ነው። ቤቱን በእጁ ካስገባ በኋላ “ገበያው ቀዝቅዟል” እያለ በየሳምንቱ ያወርዳችኋል። ዋጋ ሲነግራችሁ “ከየት አመጣኸው?” በሉት። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው ሻጭ የሚመኘው ዋጋ ነው፤ ማንም በዚያ ላይገዛ ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት እዚያው ሰፈር፣ በተቀራራቢ ካሬ፣ በቅርብ ጊዜ የተሸጠ ቤት በስንት እንደተፈረመ ነው። የሚያውቅ ሰው አስፋልት ዳር ያለውንና ውስጥ ለውስጥ የገባውን ለይቶ ይነግራችኋል።

አሁን ደላሎች እንድናገር የማይወዱትን ላንሳ፤ ክፍያችንን። የተለመደው ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢም 2 በመቶ ነው። ሒሳቡን አብረን እንየው። ቤታችሁ 20 ሚሊዮን ቢሸጥ ከእናንተ 400 ሺህ አገኛለሁ። 18 ሚሊዮን ቢሸጥ 360 ሺህ። እናንተ 2 ሚሊዮን ስታጡ እኔ የማጣው 40 ሺህ ነው። ለ40 ሺህ ብዬ አንድ ወር ልለፋ? ብዙ ደላላ “ተቀበሉት፣ ይህ ገዢ ካመለጠ ሌላ አታገኙም” የሚለው ስለሚጠላችሁ አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ስለሆነ ነው።

አንዳንዱ ሻጭ ይህን ለማምለጥ “ለኔ ንጹህ 18 ሚሊዮን ይድረሰኝ፣ ከላይ ያለው ያንተ” ይላል። ይህ የባሰ ነው። ደላላው ከዚያች ቀን ጀምሮ ገዢውን ከእናንተ ይደብቃል። 18 ተኩል የሚሰጥ ሰው ቢመጣም ይበልጥ የሚከፍል እስኪያገኝ ይይዘዋል። መጨረሻ ላይ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ሲገናኙና ሁለት የተለያየ ዋጋ ሲሰሙ ጠብ ይነሳል።

እኔ የምወደው ግልጽ የሆነ ደረጃ ነው። ለምሳሌ እስከ 18 ሚሊዮን ድረስ 1.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው ላይ 10 በመቶ። 18 ላይ ከተሸጠ 270 ሺህ ይደርሰዋል። 20 ላይ ካደረሰው 470 ሺህ። አሁን ዋጋው ሲወርድ እሱንም ያመዋል። ቁጥሩን እንደ ቤታችሁ አስተካክሉት። ከገዢውም የሚቀበል ከሆነ አስቀድሞ ይንገራችሁ። ይህን ሐሳብ ስታቀርቡለት ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚሠራውን ደላላ ያዙት። የሚቆጣውን ተዉት።

ሜሪላንድ ያለችው እህታችሁ በስልክ “ፈቃድ ያለው ነው? ውል ተፈራርማችኋል?” ትላችሁ ይሆናል። እዚያ ይህ ሥራ ፈተና ተወስዶበት ከግዛቱ ፈቃድ የሚወጣበት ነው፤ ከሻጩ ጋርም ውል ይፈረማል። እኛ ጋ አብዛኛው በስልክና በቃል ነው የሚያልቀው። ግን እህታችሁን አትሳቁባት፤ ልክ ናት። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ ቁጥሩን ጠይቁት። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ክፍያው፣ የሚሠራበት ጊዜና ክፍያው መቼ እንደሚሰጥ ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ጊዜው ለአንድ ሰው ብቻ፣ ሁለት ወር ቢሆን ይበቃል። ለአሥር ደላላ ከበተናችሁት ቤታችሁ ቴሌግራም ላይ በአሥር ዓይነት ዋጋ ይወጣል። ያየው ገዢ “ቸግሯቸዋል” ብሎ ይደራደራል። የያዛችሁት ደላላ ከጓደኞቹ ጋር ቢሠራ ችግር የለም፤ በሰንሰለት የምንሠራ ሰዎች ነን። ክፍያ ግን ከእናንተ የሚወጣው ለአንዱ ብቻ ይሁን፣ እነሱ ይካፈሉ። ማን የትኛውን ገዢ በየትኛው ቀን እንዳመጣ ደብተር ላይ መዝግቡ። አለበለዚያ በመጨረሻው ሰዓት “መጀመሪያ ያሳየሁት እኔ ነኝ” የሚል ሌላ ሰው በር ላይ ይቆማል።

ሁለት ነገር ለደላላ አይሰጥም። አንዱ ኦሪጅናል ካርታ ነው፤ ፎቶውንም ቢሆን ለሁሉም አትበትኑ። ሌላው የመሸጥ ውክልና ነው። ውክልና ውጭ ካሉት ወንድምና እህቶቻችሁ ወደ እናንተ ይምጣ። እሱም መሸጥን በግልጽ የሚጠቅስ መሆን አለበት፤ ንብረት ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ውክልና ቤት አያሸጥም። በኤምባሲ በኩል ስለሚመጣ ጊዜ ይወስዳል። ገዢ መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት ጀምሩት።

ቀብድ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። “ሰውየው ገንዘቡን ይዞ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ዛሬ ቀብድ ተቀበሉ” የሚል ስልክ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተወው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ሰው ቢተወው ግን እጥፉን ይመልሳል። እህታችሁ ሳትስማማ አንድ ሚሊዮን ብር ከተቀበላችሁ፣ እሷ እምቢ ስትል ሁለት ሚሊዮን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ደላላው ምንም አይከፍልም። “ቤተሰቡ ሁሉ እሺ ይበል፣ ነገ ይደርሳል” ብሎ ገዢውን የሚያረጋጋ ደላላ ካገኛችሁ እሱን ለጓደኞቻችሁም ንገሩ።

ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ የሚል ምክርም ይመጣል፤ ታክሱና አሹራው፣ ማለትም ስም ለማዛወር የሚከፈለው፣ ይቀንሳል ተብሎ። ሕገወጥ መሆኑን እንኳ ብንተወው፣ ገዢው ቀሪውን አልከፍልም ቢል ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። ከሻጭ የሚፈለገውን ታክስ ከመጀመሪያው አስልቶ የሚያሳያችሁ ደላላ ቢሆን ይህ ወሬ አይነሳም ነበር።

ኮሚሽኑ የሚከፈለው ውልና ማስረጃ ከተፈረመና ሲፒኦው፣ ማለትም ገዢው የሚከፍልበት የባንክ ቼክ፣ ትክክለኛ መሆኑን ባንኩ ካረጋገጠ በኋላ ነው። ከቀብዱ ላይ ቆርጦ መውሰድ የሚፈልግ አለ፤ እምቢ በሉት። በባንክ አስተላልፉለት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙንም በዚያው ቀን ፎቶ አንስታችሁ ለወንድም ለእህቶቻችሁ ላኩላቸው፤ የወራሾች ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከ“ለደላላው ስንት ሰጠህ?” ነው የሚጀምረው።