የፋብሪካ ቧንቧ ለምን ይታጠፋል?

ጥያቄ፦ ቡሬ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ቧንቧው ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል መሀል ላይ ወጣ ብሎ ይታጠፍና ይመለሳል። ብረት ማባከን አይደለም? ለቤት የምንገዛው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ፒቪሲስ ለምን አይሆንም? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብክነት አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 50 ሜትር የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል፣ እና መላወሻ ካጣ ወይ ብየዳውን ይሰነጥቃል ወይ ድጋፉን ገፍቶ ያጣምማል። ያ መታጠፊያ ነው ጭማሪውን የሚውጥለት። ፒቪሲ ለቀዝቃዛ ውሃ ምንም አይወጣለትም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ግን ይለሰልሳል፣ እንፋሎት ከለቀቅህበትማ ጉድ ፈላ። የእንፋሎት ቧንቧው ላይ የተጠቀለለው መሸፈኛ ደግሞ ሙቀት እንዳይባክን ነው፤ መጋጠሚያው ጋ አንዳንዴ ባዶ ስለሚተው እጅህን እንዳታስጠጋ!