ከጥምቀት በፊት ዶሮ አትግዢ

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ከቤታችን ኋላ ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ዶሮ ማርባት ልጀምር ብዬ ቆርጫለሁ። ባለቤቴ «ከጀመርን አይቀር ሃምሳ የአንድ ቀን ጫጩት እናምጣ፣ የዕቁቡ ብር ይበቃናል» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ጎረቤቴ አምና አምጥታ አንድም አልተረፈላትም። በስንት ልጀምር? ምን ዓይነትስ ልግዛ? አውራ ዶሮ የግድ ነው? ኅዳር ሳይገባ ብንጀምር ደስ ይለኛል። (የሁለት ልጆች እናት፣ ከጠባሴ)

መልስ፦ ደኅና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፍርሃትሽ ልክ ነው። ባለቤትሽም ክፉ አላሰበም። ሃምሳ ጫጩት ካርቶን ውስጥ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔንም ያሳተኝ እሱ ነው።

የዛሬ 12 ዓመት ታኅሣሥ ላይ 25 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ሙቀት ብቻ አይጉደልባቸው» አለኝ። ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሳምንት፣ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ጓዳ ውስጥ ካርቶኑን አስቀምጬ አጠገቡ የከሰል ምድጃ አኖርሁና ተኛሁ። ሌሊት ላይ ከሰሉ ከሰመ። የታኅሣሥን ሌሊት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ጫጩት ሲበርደው ደግሞ ይጠጋጋል። አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ የካርቶኑ ጥግ ላይ ተከምረው አገኘኋቸው። ከላይ ያሉት በሕይወት አሉ። ከሥር ያሉት 14ቱ ታፍነው ሞተዋል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ቁጭ ብዬ ጫጩት በብርድ ጨረስሁ!

በኋላ ነው የገባኝ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ ላባ እስኪያወጣ ድረስ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ያን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ ማደር ሥራ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ማሳደርማ ለሰውም አይበጅም፣ ይገድላል። እኔ ያን ሌሊት የተረፍሁት በዕድል ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ነውና አደራሽን።

ስለዚህ ሃምሳውን ተይው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ስድስት፣ 45 ቀን የሞላቸው ቄቦች ግዢ። በዚያ ዕድሜ ላባቸው ሞልቷል፣ በጣም የሚያሰጋው ጊዜ አልፏል። ዋጋቸው ከአንድ ቀን ጫጩት ይበልጣል፣ አልዋሽሽም። ግን ከሞተ ጫጩት የበለጠ ውድ ነገር የለም።

ስድስት ያልሁሽ በመኖው ምክንያት ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም ትበላለች። ለስድስት 720 ግራም ነው፣ በወር 22 ኪሎ ገደማ። ሃምሳ ሲሆን በወር 180 ኪሎ ይደርሳል። ባለቤትሽ ይህን ሒሳብ ራሱ በወረቀት ላይ ይሥራው፤ ከእኔ ደብዳቤ የበለጠ ያሳምነዋል። ትርፍራፊ እንጀራ፣ ጎመን፣ የገብስ ግርድ መኖውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። የሻገተ ነገር ግን በፍጹም አትስጫቸው። ብዙ ሰው «ለዶሮ ምን አለበት» ይላል፤ አለበት፣ ሻጋታ ጉበታቸውን ይጎዳል። የእንቁላል ቅርፊት ለካልሲየም ጥሩ ነው፤ ብቻ አመስ አድርገሽ ፍጪው። እንዳለ ከጣልሽላቸው መልኩን ይለምዱና የራሳቸውን እንቁላል ሰብረው መብላት ይጀምራሉ። ያን የለመደች ዶሮ መጨረሻዋ ድስት ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተያዘች በዓመት እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ግን ቅምጥል ናት፣ መኖዋ ከጎደለ ወዲያው ታቆማለች። የሐበሻ ዶሮ ከ40 እስከ 60 ነው የምትጥለው፤ ነገር ግን ብርዱንም ረሃቡንም ትችላለች፣ ታቅፋ ትፈለፍላለች። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ኮክኮክን ነው። አመጣጧ ከደቡብ አፍሪካ ነው፣ ላባዋ ገብስማ። ጭራ መብላት ታውቃለች፣ እንቁላልም አታሳፍርም። ሳሶም ጥሩ ናት፣ ሥጋዋ ይበዛል፤ ግን ሆዳም ናት።

አውራ ዶሮ አያስፈልግሽም። ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጮኸውን ጎረቤት ሁሉ አይወድልሽም።

አሁን ወደ ርእሴ ልግባ። ኅዳር ሳይገባ እንጀምር ያልሽውን ተዪው፣ ጥምቀት ይለፍ። አንደኛ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ የሚበረታበት ነው፤ አዲስ ቤት የገቡ ቄቦች ለበሽታ ይጋለጣሉ። ሁለተኛ፣ ጾሙን አስቢ። ዶሮ እንቁላል የምትጀምረው በአምስት ወር አካባቢ ነው። በጥቅምት መጨረሻ የ45 ቀን ብትገዢ የመጀመሪያው እንቁላል የሚመጣው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው፤ ይኸው ሁዳዴ ገባ ማለት ነው። 55 ቀን ገዢው ይጠፋል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ መኖው ግን ጾም አያውቅም። ከጥምቀት በኋላ ከገዛሽ እንቁላሉ ፋሲካ አካባቢ ይደርስልሻል።

እስከዚያ ቤቱን ሥሪ። እንኳን ለስድስት፣ ለአሥርም ቦታሽ ይበቃል፤ በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ያህል ይያዛል። ወለሉን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊው። ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ዝጊው። በቆርቆሮው ሥር ማዳበሪያ ጆንያ ወጥሪበት፣ አለበለዚያ ሌሊት ከቆርቆሮው ውኃ ይንጠባጠባል። ግን ለብርድ ብለሽ ሁሉንም እንዳትደፍኚው። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አየር መውጫ ተዪለት። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ዐይንሽን ከቆጠቆጠሽ አየሩ ተበላሽቷል፤ ዶሮዎቹ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ ነው ያደሩት። ወለሉ ላይ የገብስ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፊ፣ ሲረጥብ ቀይሪው። ቆጥ አትርሺ። ሽቦው ጠንካራ፣ ቀዳዳውም ጠባብ ይሁን። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ የገባበት ቀዳዳ ለሰውነቱም አያቅተውም። እኔ ይህን የተማርሁት በሁለት ዶሮ ነው።

ስትገዢ ከመንገድ ዳር ካርቶን ከፍቶ ከሚሸጥ ሳይሆን እዚሁ ደብረ ብርሃን ካሳደገ ሰው ግዢ። ብርዱን ለምደዋል። የትኛው ክትባት መቼ እንደተሰጠ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቂ። ወረቀት ከሌለ ሂጂ። ዶሮዋን አንሺና ከኋላዋ እዪ፣ ላባው በኩስ ከተጨማለቀ ተያት። ወደ ጆሮሽ አስጠጊያት፣ ትንፋሿ ከተንኮራኮረ ተያት።

ትልቁ ጠላት ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። የጎረቤትሽን ዶሮዎች የጨረሰው እሱ ይሁን ብርዱ ከደብዳቤሽ አይታይም፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አንገት መጠምዘዝ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ ካዩባቸው ግን ፈንግልን ጠርጥሩ። ከያዘ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ አንቺ ግን የምትጠይቂው በአካባቢሽ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚዘጋጀው፣ ከተበጠበጠም በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከጎረቤቶችሽ ጋር በአንድ ቀን ተቀጣጠሩ። በዐይን የሚሰጠው አያስቸግርም። ዶሮዋን በብብትሽ ሸጉጠሽ አንድ ጠብታ ዐይኗ ላይ ትጥያለሽ። ወዲያው አትልቀቂያት። ዐይኗን ጨፍና ስትከፍት ጠብታው ይገባል። ያኔ ልቀቂያት። በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይደገማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለበዓል ከገበያ የተገዛችውን ዶሮ ከእነሱ ጋር እንዳታሳድሪ። ብዙ ጊዜ ፈንግል ወደ ግቢ የሚገባው እንዲህ እግሯን ታስራ ከመጣች ዶሮ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ዶሮዎቼ ከሰዓት በኋላ አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ዘርግተው ይውላሉ። እንቁላሉም ቀነሰ። በሽታ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኩሳቸው ደኅና ከሆነና ሲመሽ የሚሻላቸው ከሆነ ሙቀቱ ነው። እኛ እዚህ በጆንያ ስንደፍን አንተ መክፈት አለብህ። ቤቱ በሁለት ወገን ሽቦ ብቻ ይሁን፣ ጣሪያው ላይ ሣር ጣልበት። መኖውን ማለዳና አመሻሽ ላይ ስጥ፤ እኩለ ቀን የበላች ዶሮ የበለጠ ትሞቃለች። ውኃውን ጥላ ሥር አድርገህ በቀን ሦስት ጊዜ ቀይረው፣ የሞቀ ውኃ አይጠጡም። ማታም አፋቸውን ከፍተው እየተነፈሱ ከሆነ ግን ሳትውል ሳታድር ለባለሙያ አሳይ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነኝ። የሐበሻ ዶሮዬ ማቀፍ ስለፈለገች ከሱቅ 12 ትልልቅ እንቁላል ገዝቼ አሳቀፍኳት። 25 ቀን ሆነ፣ ምንም የለም። ጥፋቱ የእሷ ነው ወይስ የኔ?

መልስ፦ እሷ ምን አጠፋች እህቴ! የሱቁ እንቁላል አብዛኛው አውራ ከሌለበት ቤት የሚመጣ ነው። ሦስት ወር ብትታቀፈውም ጫጩት አይወጣውም። የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው፣ አንቺ 25 አስቀምጠሻታል። ዛሬውኑ አንሺላት፣ መኖና ውኃ ስጫት፣ ከስታለች። በሚቀጥለው አውራ ካለው ሰው፣ ከተጣለ ሳምንት ያልሞላው እንቁላል ለምኚ። በሰባተኛው ቀን ማታ በስልክሽ መብራት አስደግፈሽ እዪው። ቀያይ ደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ከታየሽ ተዪላት። ወለል ብሎ ከበራ አውጪው። መሐል ሜዳ ደግሞ ይበርዳልና ጎጆዋን ከበሩ አርቂው፣ ከሥሯም ጭድ አብዢላት።