«የተኛ ሕፃን ብቻ ነው የታየኝ»

ጥያቄ፦ ፒያሳ የምኖር የአራተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ነኝ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ ሲስተሯ አንዱን ሕፃን አየት አድርገው ወዲያው ሐኪም ጠሩ። እኔ የታየኝ የተኛ ልጅ ነው። ይሄ ክፍል ለኔ አይሆንም መሰለኝ። የቢሮ ሥራ ልፈልግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳትተዪው። ሲስተሯ ያዩትን አንቺም ታዪዋለሽ።

ከፍ ያለ ልጅ ሲያመው ያለቅሳል፣ ያተኩሰዋል። ጨቅላ ግን ሕመሙ ሲጠናበት ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው። ትኩሳቱ ቀርቶ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝም ይችላል። ትናንት ጡት አጥብቆ ይስብ የነበረው ዛሬ አፉ ውስጥ እንደያዘ ይተኛል። ሲነካኩት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንቺ እንቅልፍ ያልሽውን ሲስተሯ ምናልባት እንዲህ አይተውት ይሆናል።

ከትንፋሽ ጀምሪ። ልብሱን ገልጠሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ቆም ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ያሳስታል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሚው። ዳግመኛም እንደዚያው ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ተናገሪ። ብብት ሥር የተለካው ሙቀት 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደም እንዲሁ። እናትየው «ልጄ ዛሬ ደስ አላለኝም» ካሉሽ ደግሞ ቴርሞሜትሩ ደህና ቢልም ሄደሽ ልጁን እዪው። በዚህ አልደራደርም።

ሲስተሯንም «ምኑን አይተው ነው የጠሩት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ተረኞች ሲረካከቡ አጠገባቸው ቁሚ። ጠዋት ያየሽውን ልጅ ማታም እዪው።

ስትመረቂ የት ልጀምር ካልሽኝ፣ ጥቁር አንበሳ ከሌላ ቦታ በሪፈር የሚላኩ ከባድ ሕመምተኞች ይበዙበታል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ስታዲየም አካባቢ እንዳለው ጋንዲ ያለ፣ ብዙ እናቶች የሚወልዱበትን ሆስፒታል ነው። ጤነኛውን ጨቅላ ደጋግመሽ ካላየሽ የታመመው አይለይሽም።

የጨቅላ ክፍል ሥራ አዳር አለው፣ የሚያልፉ ልጆችም አሉ። የከበደሽ እሱ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ መልሰሽ ጻፊልኝ። እስከዚያው ግን የቢሮውን ማመልከቻ አቆይው።