ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን

ጥያቄ፦ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በ2024 የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ተሸንፎ እንዴት የአገሪቱ ሻምፒዮን ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናው ምክንያት የደንብ ለውጥ ነው። እስከ 2023 የውድድር ዘመን ድረስ ለዋንጫው የሚፋለሙት አራት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ፣ ሁለት ሽንፈት ያለበት ቡድን ተስፋው የመነመነ ነበር። በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ አለ። ኦሃዮ ስቴት በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 32 ለ 31፣ ከዚያም በገዛ ሜዳው በዋነኛ ተቀናቃኙ በሚሺጋን 13 ለ 10 ቢሸነፍም፣ በስምንተኛ ደረጃ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ።

ይሁን እንጂ ደንቡ በሩን ከፈተለት እንጂ ዋንጫውን አልሰጠውም። ቴነሲን 42 ለ 17 ረታ፤ ኦሪገንንም 41 ለ 21 በማሸነፍ ቂሙን ተወጣ። በእኔ እምነት የዘመኑ ታላቅ ቅጽበት የታየው ግን ከቴክሳስ ጋር በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ነው። ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 እየመራ፣ ቴክሳስ ከጎሉ መስመር ጥቂት ያርድ ርቀት ላይ ሆኖ አቻ ለመሆን የመጨረሻ ሙከራውን ሲያደርግ፣ ተከላካዩ ጃክ ሶየር የቀድሞ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ከነበረው ከቴክሳስ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ከክዊን ዩወርስ እጅ ኳሷን አስጣለ፤ አንስቷትም 83 ያርድ (76 ሜትር ገደማ) ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። ያንን ሩጫ ደጋግሜ ባየውም አልሰለቸውም።

በመጨረሻም ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖተርዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ፣ የውድድር ዘመኑን በ14 ድልና በሁለት ሽንፈት አጠናቀቀ።