«እርፍ ባልይዝም ሱጁዴን መልሱልኝ»

ጥያቄ፦ አባቴ የ54 ዓመት ገበሬ ነው። ከወገቡ ተነሥቶ በግራ እግሩ እስከ አውራ ጣቱ የሚወርድ ሕመም ከያዘው ስምንት ወሩ ነው፤ ሶላቱን እንኳ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሰግደው። በኤምአርአይ ዲስኩ ነርቭ እንደተጫነ ታይቶ ቀዶ ሕክምና ታዞለታል። አንድ ጎረቤታችን «ወገቡ የተከፈተ ሰው ዳግም አይነሣም» ይለናል። በሬ ሸጠን ብናሳክመው እንደ ድሮው ይኖራል?
ከኩታበር

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው «እስከ አውራ ጣቱ» ያልሽው ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ዲስክ፣ ማለት በወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር፣ ነርቭ ሲጫን ቀዶ ሕክምናው በይበልጥ የሚያስታግሰው የእግሩን ሕመም ነው፤ የወገቡ ግን አብሮ ላይጠፋ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው እግሩ ድኖለት እንኳ ያዝናል።

ስምንት ወር መቆየታቸው ተስፋ አያስቆርጥም። በ2020 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ ከ4 እስከ 12 ወር በዚሁ ሕመም የቆዩ 128 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተመድበው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የእግር ሕመማቸው ከ10 ሲለካ ለቀዶ ሕክምና የተመደቡት 2.8፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የታከሙት 5.2 ሆኑ።

«እንደ ድሮው» ያልሽውን ግን እሳቸውን ጠይቂያቸው። ከ1980 ጀምሮ የሚሠራበት የኦስዌስትሪ መጠይቅ፣ የወገብ ሕመም ሰውን ምን ያህል እንዳገደው የሚለካው፣ ስለ መቀመጥ፣ መራመድ፣ ዕቃ ማንሣት፣ እንቅልፍና መሰል ነገሮች በ10 ርእስ ይጠይቃል። እኔ የአገራችንን እጨምርበታለሁ፦ ሱጁድ ወርደው ብቻዎን ይነሣሉ? ቡናው በረካ እስኪደርስ ዱካ ላይ ይቆያሉ? አንድ አባት ይህንኑ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እርፍ ባልይዝም ሱጁዴን መልሱልኝ» አሉኝ። የእሳቸው መዳን ያ ነበር። የአባትሽን የዛሬ መልስ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር በኋላ ደግመሽ ጠይቂያቸው።

የሚያሳስበኝ የጎረቤታችሁ ወሬ ነው። ድብርትና የመንቀሳቀስ ፍርሃት ያደረበት ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማገገሙ እንደሚከብደው በተደጋጋሚ ታይቷል። አባትሽ ቅሬ (እድር) መሄድ ትተዋል? ሌሊቱን በሐሳብ ያነጋሉ? ከሆነ ለሐኪማቸው ሳትሸሽጊ ንገሪ። እርሻው ጊዜ ይፈልጋልና ያ ጎረቤታችሁ ዘንድሮ በደቦ ቢያርስላቸው ይሻላል።

እስከ ቀጠሯቸው ድረስ ሽንት እምቢ ካላቸው፣ በጭናቸው መካከል ከደነዘዛቸው ወይም እግራቸው እየሰነፈ ከሄደ፣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሻቸው።