ስኪ ላይ ካሜራ፦ ባትሪውን አሙቀው፣ ካሜራውን ተወው ይብረደው

«ስኪ ስወጣ ካሜራ ልያዝ ወይስ ስልክ ይበቃኛል? ባለፈው በረዶው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ወጣብኝ፣ ባትሪውም በአንድ አፍታ አለቀ» ላልከው ወንድሜ። በረዶ ላይ መንሸራተቱን ገና እየተማርክና እየወደቅክ ከሆነ ስልክ ይበቃሃል። ካሜራ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መውደቅ ደረትን ነው የሚያስቀጣው።

ባትሪህ አላለቀም፣ በርዶት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኬሚካሉ ይፈዝዛል፤ ካሜራው «ባዶ ነው» ይልሃል። እኔ ሁለት እይዛለሁ፦ አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ ሌላው ከጃኬት ሥር ባለ ኪስ። ሲዝል አቀያይራለሁ። «ሞተ» ያልኩት ባትሪ ሰውነቴ ሙቀት ላይ ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ሲሠራ ስንቴ አይቻለሁ!

ካሜራውን ግን እንዳታሞቀው። መጀመሪያ ጊዜ አዝኜለት ጃኬቴ ውስጥ ወሸቅኩት። ላቤ ሌንሱ ላይ ጤዛ ሆነ። ሳወጣው ጤዛው እዚያው በረደና ስስ የበረዶ ሽፋን ሠራ። በጓንት ስጠርገው ጭራሽ ተለቀለቀ፤ የዚያ ቀን ፎቶ በሙሉ ገደል ገባ። አሁን ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ይበርዳል። ሞቃት ቤት ከመግባቴ በፊት ፌስታል ውስጥ ከትቼ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አልፈታውም፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ፎቶውን ለማየት የምትቸኩል ከሆነ ካርዱን ውጪ ሳለህ አውጣው።

ግራጫው ነገር የካሜራው የዋህነት ነው። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው ይመስለዋል፤ ነጩን በረዶ «በዛ» ብሎ ያጠቁረዋል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (የፎቶውን ብርሃን የምትጨምርበትንና የምትቀንስበትን ማስተካከያ) +1 አድርግ፣ ካልበቃ እስከ +2። የበረዶው ሸካራነት ከጠፋ መልሰህ ዝቅ አድርገው። ስልክ ላይ ስክሪኑን ነካ አድርገህ ብርሃኑን ወደ ላይ መሳብ ነው።

ለሚንሸራተት ሰው የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አደርጋለሁ። ጎንበስ ብለህ ከታች ጠብቀው፤ ሲታጠፍ የሚረጨው በረዶ ፀሐይ ከኋላው ሲያገኘው ልዩ ነው። ቁልቁለቱ ፎቶ ላይ ሜዳ ይመስላል፣ ስለዚህ ቀጥ ያለ ዛፍ ካለ አስገባው።

አቋቋምህንም እይ። የዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን 10 የሥነ ምግባር ደንቦች አሉት። አንዱ ጠባብ ቦታ ወይም ከላይ የሚመጣው በማያይህ ቦታ አትቁም ይላል። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ከጉብታው ሥር ነው። እኔ ጠርዝ ይዤ፣ ከላይ የሚመጣው በሚያየኝ ቦታ እቆምና ዙም አደርጋለሁ።