ረጅሙን ሜተድ የት ላይ እንቁረጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የደመወዝ መክፈያ ፕሮግራም እንሠራለን። ከእኛ በፊት የነበሩት የጻፉት አንድ ሜተድ (ስም ተሰጥቶት በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ከ300 መስመር በላይ ሄዷል። «ደመወዝ» የምትል አንዲት ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥባት ስም) ከላይ እስከ ታች ትመላለስበታለች። ወደ ትንንሽ ሜተዶች ልንከፋፍለው ተስማምተን፣ መጀመሪያ የሚሠራውን በአማርኛ ኮሜንት (ለሰው አንባቢ በኮዱ ውስጥ የሚተው ማብራሪያ) ልጽፍ ብሞክር ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ አጣ፦ «የሠራተኛውን ደመወዝ አንብቦ፣ የትርፍ ሰዓቱን ደምሮ፣ 7 በመቶ ጡረታውን ቀንሶ፣ ግብሩን አስልቶ፣ ብድር ካለበት አንሥቶ፣ የቀረውን መዝግቦ፣ ለባንክ የሚላከውን ዝርዝር ያዘጋጃል።» የተበላሸው አማርኛዬ ነው ኮዱ? ደግሞስ ለአዲሶቹ ሜተዶች የአማርኛ ስም ብንሰጥ «ማስላት» ይሻላል ወይስ «አስላ»?

መልስ፦ አማርኛዎ ደህና ነው። አንብቦ፣ ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አስልቶ የሚሉት የሰዋስው ሰዎች ቦዝ አንቀጽ የሚሏቸው ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል። እርስዎ «ያዘጋጃል» እስኪሉ ድረስ አንባቢው ስድስት ያልተዘጉ ድርጊቶችን በአእምሮው ይዞ ይቆያል። 300 መስመሩን የሚያነበው ባልደረባዎም የሚቸገረው በዚሁ ነው። ስለዚህ ኮሜንቱን አይጣሉት፤ ሜተዱ የት የት ላይ እንደሚቆረጥ እሱ ራሱ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ቦዝ አንቀጽ ባዩበት ሁሉ አይቁረጡ። መጀመሪያ ይፈትኑት፦ ድርጊቱን በኃላፊ ግስ ዘግተው «ከዚያም» ያስከትሉበት። «ደመወዙን አነበበ፤ ከዚያም ትርፍ ሰዓቱን ደመረ» ያስኬዳል፤ ሁለት ሥራ ነው፣ ይለያይ። «ደጋግሞ ሞከረ» የሚለውን ግን «ደጋገመ፤ ከዚያም ሞከረ» ቢሉት ትርጉሙ ይጠፋል። እዚህ ቦዙ የሚናገረው የአሠራሩን ሁኔታ ስለሆነ ከግሱ ጋር አብሮ ይቀመጥ። «እየቆጠረ»፣ «እየፈተሸ» የመሰለ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ ኮድ) አለ ማለት ነው፤ በሉፑ ውስጥ ያለው ሥራ ረዘም ካለ ራሱን የቻለ ሜተድ ይሁን። ሜተድ አደረግሁት ያሉት ነገር አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ስሙ ከመስመሩ የተሻለ ካልተናገረ፣ እንደነበረ ይተዉት።

አሁን ሦስተኛውን ሐረግ ልብ ብለው ይዩልኝ። «ጡረታውን ቀንሶ» ከምን ላይ ነው የሚቀንሰው? የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመነሻ ደመወዙ ላይ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይገባበትም። በዓረፍተ ነገርዎ ግን ጡረታው የመጣው ትርፍ ሰዓቱ ከተደመረ በኋላ ነው። ኮዱም በዚህ ቅደም ተከተል እዚያችው «ደመወዝ» ላይ እየደመረ ከሄደ፣ 7 በመቶው ከድምሩ ላይ ይቆረጥና ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው ሁሉ ከሚገባው በላይ ይቀነስበታል። ይህን ዛሬውኑ ይፈትሹት፤ የሰው እንጀራ ነው። ረጅም ሜተድ ውስጥ እንዲህ ያለው ስሕተት ዓመታት ሳይታይ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም አንዲት ቃል መነሻ ደመወዝም፣ ጠቅላላ ደመወዝም፣ የተጣራ ደመወዝም ሆና ታገለግላለች። አማርኛ ሦስቱንም ለይቶ ይጠራል። ሦስት ቫሪያብል ያድርጓቸው፤ «ጡረታ_አስላ» የሚቀበለውም «መነሻ_ደመወዝ»ን ብቻ ይሁን። ያኔ ትርፍ ሰዓቱ ሾልኮ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም።

ስለ ስሙ ምርጫዬ «አስላ» ነው። «ማስላት» ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ለምዕራፍ ርእስ ያምራል፣ ሜተዱን ስንጠራው ግን አድርግ ብለን እያዘዝነው ነውና ትእዛዝ አንቀጹ ይስማማዋል፤ ቃሉም አጭር ነው። «ግብር_አስላ፣ ብድር_ቀንስ፣ ዝርዝር_አዘጋጅ» ሲደረደሩ ዋናው ሜተድ ከላይ ወደ ታች እንደ አማርኛ ይነበባል። እውነት ወይም ሐሰት ለሚመልሰው «ብድር_አለበት» ማለት ይበቃል። ትእዛዝ በወንድ አንቀጽ መሆኑ ቅር ያሰኛቸው ጠያቂዎች ነበሩ፤ ይህ ለሜተድ እንጂ ለሰው የሚነገር ስላልሆነ አያሳስብም። ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ በሚያየው ጽሑፍ ላይ ግን «ያስገቡ»፣ «ይምረጡ» እያሉ በአክብሮት ይጻፉ።

የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ጃቫም ፓይተን 3ም የግእዝ ፊደልን በስም ውስጥ ይቀበላሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቃላቱን በግርጌ ሰረዝ (_) ማያያዝ ይሻላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ሞክሼ ፊደል ነው፦ «ሂሳብ» እና «ሒሳብ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለእኛ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሦስታችሁም ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን አጻጻፍ ምረጡና በፕሮጀክቱ የመግቢያ ፋይል ላይ ጻፉት።